በአባት የእርሻ መሬት ላይ ቤት ለመሥራት ፈቃዱ ከየት ይገኛል?

«አባቴ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ በሦስት ማሳ የተከፈለ አራት ቃዳ (አንድ ሄክታር ያህል) መሬት አላቸው። አረንጓዴ ደብተር (የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ) አለን፤ ግብሩም በየዓመቱ ይከፈላል። እኔ በከተማው በመምህርነት ተቀጥሬ የምኖረው በኪራይ ቤት ነው። አባቴ መንገድ ዳር ካለው የጤፍ ማሳ 400 ካሬ ሜትር ቆርሰው ሊሰጡኝ ፈቃደኛ ናቸው። እኅቴ ከቤይሩት ገንዘብ ልካልኛለች፤ ብሎኬትም አዝዣለሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈውልኛል። ጎረቤቶቻችን ያለ ምንም ፈቃድ ሠርተው መብራት ሳይቀር ገብቶላቸዋል። ከተማው ወደ እኛ እየሰፋ ስለሆነ ቤት ያለው ሰው ካሳም ካርታም ያገኛል ይባላል። የግንባታ ፈቃዱን የሚሰጠኝ ማዘጋጃ ቤቱ ነው ወይስ ወረዳው?»

በጥያቄው በተገለጸው ሁኔታ፣ ማለትም ከጤፍ ማሳ ላይ ተቆርሶ በተሰጠ ቦታ፣ በልጅ ስም ለሚሠራ መኖሪያ ቤት የግንባታ ፈቃድ ሊሰጥ የሚችል መሥሪያ ቤት የለም። ይህን የምለው ማዘጋጃ ቤቱ ወይም ወረዳው ስለማይተባበር አይደለም። የግንባታ ፈቃድ በቅደም ተከተል የመጨረሻው ወረቀት ነው፤ ከእሱ በፊት መመለስ የነበረባቸው ሁለት ጥያቄዎች ደግሞ ገና አልተመለሱም። አንደኛው መሬቱ በማን ይዞታ ሥር ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው መሬቱ ለምን አገልግሎት እንዲውል ተመዝግቧል የሚለው ነው። እነዚህ ሁለቱ ሳይስተካከሉ የሚገኝ ወረቀት፣ ማኅተሙ የየትኛውም መሥሪያ ቤት ይሁን፣ ቤቱን ከመፍረስ አያድነውም።

ከይዞታው ልጀምር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደሆነ፣ መሬትም እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። አርሶ አደሩ ያለው የይዞታ መብት ነው። ይህ መብት ምን ያህል እንደሚዘልቅ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 በትርጉሙ ግልጽ አድርጎት ነበር፦ መሬቱን ለግብርናና ለተፈጥሮ ሀብት ልማት የመጠቀም፣ የማከራየት፣ ለቤተሰብ አባልና ለሕጋዊ ወራሾች የማስተላለፍ መብት ነው። በ2016 ዓ.ም. ይህን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1324ም ብዙ ነገር ያሻሻለ ቢሆንም፣ የአርሶ አደሩን መብት ወደ ባለቤትነት አልለወጠውም። ስለዚህ «መሬቱ የአባቴ ስለሆነ የፈለግነውን እንሠራበታለን» የሚለው አስተሳሰብ ከመነሻው ስህተት ነው። አባትዎ በመሬቱ ላይ ያላቸው መብት ሰፊና ጠንካራ ነው፤ ያለ ሕጋዊ ምክንያትና ያለ ካሳ ማንም አይነቅላቸውም። ነገር ግን መብቱ የተሰጣቸው ለእርሻ ነው።

አሁን ደብተሩን አውጥተው ይመልከቱት። በአማራ ክልል በሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ ባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ካላቸው የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ይገኛል። እናትዎ በሕይወት ካሉና መሬቱ የጋራቸው ከሆነ፣ «አባቴ ሊሰጡኝ ፈቃደኛ ናቸው» የሚለው አባባል በሕግ ፊት ግማሽ ፈቃድ ነው፤ የእናትዎ ፈቃድ ካልተጨመረበት ስጦታው አይጸናም። ቀጥለው የማሳዎቹን ዝርዝር ያንብቡ። እያንዳንዱ ማሳ ከነመጠኑና በአራቱ አቅጣጫ ከሚያዋስኑት ሰዎች ስም ጋር ለየብቻ ተጽፏል። የመኖሪያ ቦታና ጓሮው የትኛው እንደሆነ፣ የእርሻ ማሳዎቹም የትኞቹ እንደሆኑ ይለዩ። ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው፣ ካርታ ያለው ማረጋገጫ ለአካባቢያችሁ ተሰጥቶ ከሆነ፣ የእያንዳንዱ ማሳ ቅርጽና መለያ ቁጥር በካርታው ላይ ይገኛል፤ ይህ ወረቀት በኋላ ለማነሣው ጉዳይ በጣም ያስፈልግዎታል።

ስጦታውን በተመለከተ፣ የገጠር መሬት የመጠቀም መብት በስጦታ መተላለፉ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ለማንም አይደለም። በ1997ቱ አዋጅ መሠረት ስጦታ የሚፈቀደው ለቤተሰብ አባል ሲሆን፣ የቤተሰብ አባል የተባለውም የባለይዞታውን መተዳደሪያ ገቢ በመጋራት በቋሚነት አብሮ የሚኖር ሰው ነበር። የሥጋ ልጅነት ብቻውን አልበቃም። ዝርዝሩን ክልሎች በየራሳቸው ሕግ ይወስናሉ፤ የአማራ ክልል ሕግም መሬት በስጦታ ሲተላለፍ ተቀባዩ በግብርና የሚተዳደር ወይም ሊተዳደር የሚፈልግ መሆኑን ይመለከታል። እርስዎ ደግሞ በከተማ የሚኖሩ፣ ደመወዝተኛ መምህር ነዎት። ይህ ሁኔታ ስጦታው እንዳይመዘገብ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ቢመዘገብ እንኳ ሌላ ልጅ ወይም ሌላ ወራሽ በወረዳ ፍርድ ቤት ሊከራከርበት የሚችል ክፍት በር ነው። በዚህ ላይ አንድ ማሳ እየተሸራረፈ ለእርሻ ከማይበቃ መጠን በታች እንዳይወርድ ሕጉ ዝቅተኛ የይዞታ መጠን አስቀምጧል። 400 ካሬ ሜትር ከአንድ ቃዳ ስድስተኛ ያህል ነው፤ ራሱን የቻለ የእርሻ ይዞታ ሆኖ በደብተር ላይ ይሰፍራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ይህን ሁሉ ለማለፍ ሲባል የሚዘጋጁ ወረቀቶች አሉ። ሽያጭን በስጦታ፣ ስጦታን በረጅም ዘመን ኪራይ፣ ኪራዩንም በወለድ አገድ (መሬቱን ለአበዳሪ ሰጥቶ ምርቱን በወለድ ፋንታ እንዲወስድ በማድረግ) ስም መጻፍ በከተሞች ዳርቻ የተለመደ ሆኗል። እንዲህ ያለ ውል ይዘው ቀርበው መሬቱንም ገንዘቡንም ያጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ፍርድ ቤት የሚመረምረው የውሉን ርዕስ ሳይሆን በተዋዋዮቹ መካከል በእውነት የተደረገውን ነው፤ ሕግ የሚከለክለው ነገር ሆኖ ካገኘው ውሉን ፈራሽ ያደርገዋል። ማንም ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ላዘጋጅልዎ ቢል አይቀበሉት።

ሁለተኛው ጉዳይ የመሬቱ አገልግሎት ነው፤ እዚህ ላይ የቀበሌው ደብዳቤ ምን ዋጋ እንዳለው በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የቀበሌ አስተዳደር የሚያውቀውን ነገር ሊመሰክር ይችላል፦ አባትዎ የቀበሌው ነዋሪ መሆናቸውን፣ ማሳው በእጃቸው መሆኑን፣ ክርክር የሌለበት መሆኑን። በቀበሌ ደረጃ ያለው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴም በልኬት፣ በድንበርና በምዝገባ ሥራ ድርሻ አለው። የእርሻ መሬትን ወደ መኖሪያ የመለወጥ ሥልጣን ግን ለሊቀ መንበሩም ለኮሚቴውም አልተሰጠም። ያ ጥያቄ የሚቀርበው ለወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው፤ እሱም ቢሆን የሚወስነው በቦታው ላይ ያለውን የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ተከትሎ ነው። ሊቀ መንበሩ ደብዳቤውን በቅን ልቦና ጽፈውት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ነገ ሌላ ሊቀ መንበር ሲመጣ ወይም የሕገ ወጥ ግንባታ ቁጥጥር ሲጀመር፣ ደብዳቤው የእርስዎን መከላከያ ከመሆን ይልቅ የጸሐፊውን ተጠያቂነት የሚያሳይ ማስረጃ ይሆናል።

የግብር ደረሰኝና የመብራት ቆጣሪም እንደዚሁ ናቸው። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር መከፈሉ አባትዎ ግዴታቸውን እየተወጡ መሆናቸውን ያሳያል፤ ደረሰኙም ቢጠፋ የሚያስቆጭ ጠቃሚ ሰነድ ነው። ነገር ግን የተከፈለው ግብር የእርሻ ግብር ስለሆነ፣ መሬቱ የእርሻ መሬት መሆኑን ያጠናክራል እንጂ ለመኖሪያነት መፈቀዱን አያሳይም። የመብራት ውል ደግሞ በአቅራቢውና በደንበኛው መካከል ያለ የአገልግሎት ውል ነው፤ ስለ መሬቱ ሕጋዊነት የሚለው ነገር የለም። ቆጣሪ የገባላቸው፣ ቧንቧ የተዘረጋላቸው፣ የቀበሌ መታወቂያ የተሰጣቸው ሰፈሮች ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው ሲፈርሱ በአገራችን በተደጋጋሚ ታይቷል።

ሦስተኛው የግንባታ ፈቃዱ ራሱ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የተዘጋጀው በመሠረቱ ለከተሞች ነው፤ ተፈጻሚነቱም 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ላይ ሲሆን፣ ከከተማ ውጭ የሚያገኛቸው እንደ ፋብሪካ፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎችና የሪል ስቴት ግንባታ ያሉትን ነው። በከተማ ክልል ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ሊሠራ ያሰበው ከከተማው ፕላን ጋር የሚስማማ መሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ፣ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ንድፉን አቅርቦ የግንባታ ፈቃድ ያወጣል፤ ተራ የሚባለው ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ቤት የሚመደብበት ምድብ «ሀ» ደግሞ ከሌሎቹ ምድቦች የቀለለ ነው። ዋናው ነጥብ ግን ይህ ሁሉ የሚጀመረው የቦታ ይዞታ ማስረጃ ቀርቦ መሆኑ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አረንጓዴ ደብተርን ለከተማ ቤት ግንባታ ማስረጃ አድርጎ አይቀበልም፤ የሚጠይቅዎ የከተማ ቦታ ይዞታ ማረጋገጫ የሆነውን ካርታ ነው። ወረዳው ደግሞ የከተማ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥ አካል አይደለም። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲልኩዎት የሚያንገላቱዎ ይመስልዎታል፤ በእርግጥ ግን ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እስካሁን ያልኩት ማሳው አሁንም በገጠር ክልል ውስጥ እንዳለ በመቁጠር ነው። ከተማው ወደ እናንተ እየሰፋ ከሆነ ግን፣ መንገድ ዳር ያለው ማሳ በከተማው መዋቅራዊ ፕላን (የከተማው ቦታዎች ለምን እንደሚውሉ በሚወስነው አጠቃላይ ፕላን) ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ አርሶ አደሮች ይህን የሚያውቁት ቀያሽ ችካል ሲተክል ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያንን ካርታ ያለውን ማረጋገጫ ይዘው ወደ ከተማው የፕላን ክፍል ይሂዱ፤ ማሳው በፕላኑ ውስጥ መሆን አለመሆኑን፣ ከገባም ለመንገድ፣ ለአረንጓዴ ቦታ፣ ለኢንዱስትሪ ወይም ለመኖሪያ የተመደበ መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቁ። የቃል መልስ አይበቃም። ከጠረጴዛ ማዶ ያለው ባለሙያ ካርታው ላይ በጣቱ አሳይቶ «ችግር የለውም» ቢልዎ፣ አመስግነው ያንኑ በደብዳቤ እንዲሰጥዎ ይለምኑት።

ማሳው በከተማ ፕላን ውስጥ ገብቶ ከተገኘ ሁኔታው ይከብዳል እንጂ አይቀልም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ሥርዓት ብቻ እንደሆነ ደንግጓል። ያ ማለት ከተማው መሬቱን ከአባትዎ የሚረከበው በሕጉ መሠረት ካሳ ከፍሎ ነው፤ ከዚያም ቦታው ተሸንሽኖ በጨረታ ወይም በምደባ ይተላለፋል። አርሶ አደሩ ራሱ ሸንሽኖ ለልጁ የሚሰጥበት መንገድ የለም። በዚህ መሐል በማሳው ላይ የቆመ ፈቃድ የሌለው ቤት ለከተማው ሕገ ወጥ ግንባታ ነው፤ ሊዝ አዋጁም በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘ የከተማ ቦታ ያለ ካሳ፣ በአጭር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲለቀቅ ይፈቅዳል።

ካሳን በሚመለከት የሚነገረው ወሬ ብዙ ቤተሰብ ስለጎዳ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የ2011ዱ የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ካሳ የሚገባው ለባለይዞታ እንደሆነ ይናገራል፤ ባለይዞታ ያለውም በሚለቀቀው መሬት ላይ ሕጋዊ ይዞታና በላዩም ያፈራው ንብረት ያለውን ሰው ነው። እርስዎ በደብተሩ ላይ የሉም። ስለዚህ ቤቱ ቢቆጠር እንኳ የሚቆጠረው በወላጆችዎ ስም ሲሆን፣ በእርሻ ማሳ ላይ ያለ ፈቃድ ስለመሠራቱ የሚነሣው ጥያቄም የሚቀርበው ለእነሱ ነው። ሁለተኛ፣ መሬቱን ለማስለቀቅ ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ የተሠራ ቤትና የተተከለ ተክል ካሳ አይከፈልበትም፤ ቆጠራ ሊመጣ ነው ሲባል ሌሊቱን የሚቆም ግድግዳ ሁሉ ከንቱ ወጪ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የእርሻ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅና ምትክ መሬት ላልተሰጠው አርሶ አደር አዋጁ የሚያሰላለት የልማት ተነሺ ካሳ፣ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 የሚባዛ ነው። የካሳው ምንጭ እንግዲህ ምርቱ ነው። ጤፍ ይበቅልበት የነበረን መሬት በብሎኬት መሸፈን፣ አባትዎ በእርግጠኝነት የሚያገኙትን ካሳ ቀንሶ በማይታወቅ ነገር መለወጥ ይሆናል።

«ካርታም ይገኛል» የሚለው ተስፋ መነሻ አለው። ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ሥርዓት የማስያዝ ሥራ በከተሞች ተሠርቷል፤ በአዲስ አበባ ለምሳሌ በ1997 ዓ.ም. በተነሣው የአየር ካርታ ላይ የታዩ ይዞታዎች በዚህ መንገድ ተስተናግደዋል። ነገር ግን የእነዚህ ውሳኔዎች ሁሉ ባሕርይ አንድ ነው፦ ወደ ኋላ የሚመለከት የቀን ገደብ አላቸው፤ የሚያስተናግዱትም ከዚያ ቀን በፊት በቦታው ላይ የነበረውን ብቻ ነው። ወደፊት ይወጣል ተብሎ በሚጠበቅ መመሪያ ተማምኖ ዛሬ የሚሠራ ሰው፣ የቀን ገደቡ የትኛው ቀን ላይ እንደሚወድቅ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ጎረቤቶቻችሁ እስከ ዛሬ አለመነካታቸው ደግሞ መፈቀዳቸውን አያሳይም፤ ተራቸው አለመድረሱን ሊያሳይ ይችላል።

እንግዲህ ምን አማራጭ አለ? የመጀመሪያውና እኔ ቅድሚያ የምሰጠው የወላጆችዎ የመኖሪያ ቦታ ነው። በደብተሩ ላይ መኖሪያና ጓሮ ተብሎ በተመዘገበው ክልል ውስጥ አሮጌውን ቤት አፍርሶ መልሶ መሥራት ወይም ከጎኑ ክፍሎች መጨመር የመሬቱን አገልግሎት አይለውጥም፤ ይዞታውንም አይቆርስም። ይህ ሲሆን ቤቱ በወላጆችዎ ይዞታ ላይ የቆመ የቤተሰብ ቤት ይሆናል እንጂ የእርስዎ የግል ይዞታ አይሆንም፤ ይህን ገደብ ከመነሻው መቀበል ያስፈልጋል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በወላጆችዎ ስም ለቀበሌውና ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ማሳወቅ፣ በግልባጩም ላይ ገቢ መሆኑን የሚያሳይ ማኅተም ማስደረግ ይገባል። መኖሪያ ቦታውም በከተማ ፕላን ውስጥ ገብቶ ከሆነ ግን ለእድሳትም ቢሆን የከተማውን ፈቃድ መጠየቅ የግድ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ለእርስዎ ለራስዎ ነው። ደመወዝተኛ እንደመሆንዎ የሚያዋጣዎ በከተማው በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር መደራጀት ነው። አባላት ገንዘባቸውን በዝግ ሂሳብ አስቀምጠው ቦታ ይጠባበቃሉ፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ በየጊዜውም ይቆማል ይቀጥላል፤ ይህን አልደብቅዎትም። በብዙ ቦታ የሚጠየቀው ዋና መስፈርት በራስ ወይም በትዳር ጓደኛ ስም በከተማው ቤትም ሆነ ቦታ አለመኖሩ ስለሆነ፣ በማሳው ላይ የሚሠሩት ቤት ይህንኑ ዕድል ሊያበላሽብዎ ይችላል። የሊዝ ጨረታም አለ። ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ሲሆን ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላ ዋጋው ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ለአንድ መምህር ግን የጨረታው ዋጋ ራሱ የሚከብድ ነው። በቀበሌያችሁ ፕላን የወጣለት የገጠር ማዕከል ካለ ደግሞ እዚያ የመኖሪያ ቦታ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ወረዳውን ይጠይቁ፤ ወደ ገጠር ለሚመለስ ሰው ከማሳ ይልቅ ይህ የተሻለ ነው።

የእኅትዎን ገንዘብ በተመለከተ ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ገንዘብ በሌላ ሰው ይዞታ ላይ ሲፈስ፣ ወላጆች በሕይወት እስካሉ ሁሉም ይስማማል። ክርክሩ የሚነሣው በውርስ ጊዜ ነው። አንዱ ልጅ «ቤቱን እኔ ሠራሁ» ይላል፤ ሌላው «መሬቱ የአባቴ ነው» ይላል፤ ገንዘቡን የላከችው ግን በቦታው የለችም፣ የላከችበት ደረሰኝም አልተቀመጠም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረት መብት ሰጥቷል፤ መብቱን ማስከበር የሚቻለው ግን በማስረጃ ነው። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማን ስንት እንዳዋጣና ያዋጣው ለምን እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ይዘጋጅ፤ አባትዎ፣ እናትዎ፣ ወንድሞችና እኅቶች ሁሉ በምስክሮች ፊት ይፈርሙበት። የባንክ መላኪያና የዕቃ መግዣ ደረሰኞችም ተያይዘው ይቀመጡ። ጽሑፉ ስለ ቤቱና ስለ ወጪው ብቻ ይናገር፤ መሬት ተሰጠ፣ ተሸጠ ወይም ተከፈለ የሚል ቃል እንዳይገባበት። እንዲህ ያለው ስምምነት በመሬቱ ላይ መብት አይሰጥም፤ የቤቱን ዋጋ ለመጠየቅ ግን ያስችላል።

የአፈሩንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። መንገድ ዳር ያለው የጤፍ ማሳ ዋልካ ከሆነ፣ በግንቦት ወር ወርደው ስንጥቁን ይመልከቱ፤ ክንድ እስከ ክርን የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው መሬት በሐምሌ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ በተለመደው ጥልቀት የተጣለ መሠረት ሁለት ክረምት ሳያልፍ ግድግዳውን ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ይሰነጥቀዋል። ጥቁሩን አፈር እስከ ጠንካራው ድረስ ቆፍሮ አውጥቶ፣ በተመረጠ ገረጋንቲ ሞልቶ፣ እየጠቀጠቁ መሥራት ይቻላል፤ ወጪው ግን ግንበኛው ከነገረዎ ዋጋ በእጅጉ ይርቃል። የወላጆችዎ መኖሪያ ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ላይ የተሠራው የቀድሞ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ነው።

የማያሻማ ምክሬ የሚከተለው ነው። በማሳው ላይ አይሥሩ፤ ስጦታውንም አይቀበሉ። በዚህ ወር ሁለት ደብዳቤ ያስገቡ። አንደኛው በወላጆችዎ ስም ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ሆኖ፣ መኖሪያ ቦታቸው በስንት ካሬ ሜትር እንደተመዘገበና በዚያ ላይ አዲስ ቤት መሥራት የሚከለክላቸው ነገር እንዳለ ይጠይቅ፤ ሁለተኛው ለከተማው የፕላን ክፍል የሚቀርብ ሆኖ የሦስቱን ማሳዎችና የመኖሪያውን ቦታ የፕላን ሁኔታ ይጠይቅ። አባትዎ በ2016ቱ አዋጅ በተፈቀደው መሠረት የመጠቀም መብታቸውን አስይዘው ብድር ወስደው ከሆነ፣ ያንንም በግልጽ ይንገሩዎት፤ አበዳሪው ሳያውቅ በይዞታው ላይ ለውጥ ማድረግ ሌላ ክርክር ይጠራል። መልሱ መኖሪያ ቦታው ላይ መሥራትን የማይከለክል ከሆነ፣ ያዘዙትን ብሎኬት ለወላጆችዎ ቤት ያውሉት፤ ከእኅትዎ ገንዘብ የሚተርፈውን ደግሞ እሷ ከተስማማች በማኅበር ቁጠባ ላይ ያኑሩት። የሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች መልስ በጽሑፍ እስኪደርስ ድረስ በጤፍ ማሳው ላይ ጉድጓድ እንዳይቆፈር፣ ብሎኬትም ሆነ ድንጋይ እንዳይራገፍ፤ የተራገፈ ድንጋይ እንኳ ግንባታ እንደተጀመረ ተቆጥሮ በቃለ ጉባኤ ሊያዝ ይችላል፤ በቃለ ጉባኤው ላይ የሚጻፈውም የባለይዞታው የአባትዎ ስም ነው።